ዳኛው ግቷን ሲዳስስ

የዛሬው የእርሻና የእንስሳት ዝግጅታችን ወደ አሜሪካ ገጠር ይወስደናል። ጉዳያችን ፍየል ናት፤ ያውም ኑቢያን የምትባለዋ። ጆሮዋ ሰፊና የተንዠረገገ፣ አፍንጫዋ ጎበጥ ያለ፣ ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ የሚሰማት የወተት ፍየል ናት። እዚያ አገር በትንሽ ማሳ ላይ አምስት ስድስት እያደረጉ የሚያረቧት ብዙ ቤተሰቦች አሉ። በጋቸው ሲገባ ደግሞ ያጥቧታል፣ ጸጉሯን ይከረክሟታል፣ ለውድድር ያወጧታል።

«ፍየል ደግሞ የምን ውድድር?» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ ስሰማ የሀብታም ጨዋታ መስሎኝ ነበር። የሚዳኘው ነገር ምን እንደሆነ ሲገባኝ ግን ለእኛም አርቢ የሚጠቅም ትምህርት አገኘሁበት። ስለዚህ ከአረባቡ በፊት ከውድድሩ ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

መወዳደሪያው ሰጋቱራ የተነሰነሰበት ሜዳ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ነጭ ሸሚዝና ነጭ ሱሪ ለብሰው፣ የፍየሎቻቸውን የአንገት ሰንሰለት ይዘው፣ ዳኛውን መሐል አድርገው ይዞራሉ። ዳኛው በመጀመሪያ አካሄዳቸውን ያያል። እግሯን ቀጥ አድርጋ ታነሳለች ወይ? የኋላ እግሮቿ ስትራመድ ይፋተጋሉ? ጀርባዋ ሜዳ ነው ወይስ መሐሉ ላይ ረገብ ብሏል? ቁርጭምጭሚቷስ ክብደቷን ችሎ ቆሟል? ከዚያ በምልክት ያስቆማቸዋል፤ ያዡም የፍየሊቱን አራት እግሮች አስተካክሎ ያቆማል። እዚህ ላይ የታወቀ ደንብ አለ፦ ያዡ በዳኛውና በፍየሏ መሐል ገብቶ ዕይታውን አይጋርድም።

ዳኛው ወደ ኋላዋ ዞሮ ቁጢጥ ይላል። መዳፉን ከግቷ ሥር ይሰዳል። ግቷ ከኋላ በኩል ከፍ ብሎና ሰፋ ብሎ መጀመሩን ያያል፤ መሐሉ ላይ ግራና ቀኙን የሚለየውን ስንጥቅ በጣቱ ይከተላል። በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ግቱን ወደ ላይ ጎትቶ የሚይዘው ጅማት አለ። ጅማቱ ከላላ ግቱ ይዘረጠጣል፣ የጡት ጫፎቹም ወደ ውጭ ይንሻፈፋሉ። የግቱ ወለል ከቋንጃዋ በላይ ሊሆን ይገባል። ቀጥሎ ከፊት በኩል ግቱ ከሆዷ ጋር ሳይላቀቅ የተጣበቀ መሆኑን ይዳስሳል። በመጨረሻም ሥጋውን ጨበጥ ለቀቅ ያደርገዋል። ወተት የሞላው ግት ሲታለብ እንደ ባዶ ከረጢት ይሟሽሻል፤ ሥጋ የሞላው ግት ግን ታልቦም እንዳበጠ ይቀራል፤ ያ የሚያታልል ግት ነው።

ይህ ሁሉ ዳሰሳ ለምን? የተዘረጠጠ ግት ስትሄድ ከእግሯ ጋር ይጋጫል፣ ቁጥቋጦ ይቧጭረዋል፣ ስትተኛ ከእበትና ከጭቃ ጋር ይነካካል፤ በሽታም በዚያ በኩል ይገባል። ግልገሎቹ የጡቱን ጫፍ ፍለጋ መሬት ለመሬት ይዳክራሉ። ሁለት ጊዜ ወልዳ ግቷ የወደቀ ፍየል፣ የዛሬ ወተቷ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ በሦስተኛው ዓመት ለሥጋ ትሸጣለች። ዳኛው በእጁ የሚለካው እንግዲህ ዕድሜን ነው፤ ይህች ፍየል ስንት ዓመት ታልባ፣ ስንት ጊዜ ወልዳ፣ በእግሯ ትቆማለች የሚለውን ነው።

የአሜሪካ የወተት ፍየል ማኅበር ነጥብ አሰጣጥም ይህንኑ ያሳያል። ማኅበሩ በ1904 የተመሠረተ ሲሆን፣ ለወለዱ ፍየሎች ከመቶ ነጥብ 35ቱን ለግት ይሰጣል። ሌላ 35 ለአጠቃላይ ቁመና ይውላል፤ እግር፣ ሰኮና፣ ጀርባና የዝርያው መልክ እዚህ ውስጥ ናቸው። 20 ነጥብ ለወተት ባሕርይ ነው፤ ሥጋ ያልበዛበት፣ ጎድኑ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ቆዳው ስስ የሆነ፣ የበላችውን በትከሻዋ ላይ ሳይከምር ወደ ወተት የሚለውጥ አካል ማለት ነው። የቀረው 10 ለሆዷና ለደረቷ ስፋት ይሰጣል። ስለ ቀለሟ ግን አንድም የተለየ ነጥብ የለም፤ ኑቢያን ጥቁር ብትሆን፣ ቀይ ብትሆን፣ ዝንጉርጉር ብትሆን ግድ አይሰጣቸውም። እኛ ገበያ ወጥተን ስለ ቀለም ስንከራከር «ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ» ሆነናል ማለት ነው።

በውድድሩ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ፍየሎች የራሳቸው ምድብ አላቸው። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የምወደው ይህን ምድብ ነው። ወጣት ፍየል ሁሉ ያምርባታል፤ ደጋግማ ወልዳ ግቷን ይዛ የምትዞረውን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ዳኛው ደረጃ ከሰጠ በኋላ ማይክሮፎን ይዞ አንደኛዋ ሁለተኛዋን ለምን እንደበለጠች፣ ሁለተኛዋም ሦስተኛዋን ለምን እንደበለጠች በሕዝብ ፊት ያስረዳል። ተሸናፊውም የፍየሉን ጉድለት በስሙ ሰምቶ ይሄዳል፤ ለከርሞ በየትኛው ወጠጤ እንደሚያስጠቃት የሚያስበው ከዚያ በመነሳት ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ ዝርያዋ እንለፍ። ስሟ ወደ ናይል ሸለቆ ይጠቁም እንጂ ዝርያው ተቀናብሮ የወጣው እንግሊዝ አገር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች የአገራቸውን የወተት ፍየሎች ከሕንድ፣ ከግብፅና ከመካከለኛው ምሥራቅ በመጡ ባለ ረጅም ጆሮ ወጠጤዎች አዳቀሉ። ዲቃላው ከትውልድ ትውልድ እየተመረጠ አንግሎ ኑቢያን የሚባል ዝርያ ሆነ። በ1909 ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ፤ አሜሪካኖቹ ኑቢያን ብቻ ብለው ይጠሩታል። ከአልፕስ ተራሮች የመጡት ዝርያዎች፣ እነ ሳነንና አልፓይን፣ በአብዛኛው ወጠጤ የሚፈልጉት መጸው ላይ ነው። ኑቢያን ግን የሞቃት አገር ደም ስላለባት የርቢ ወቅቷ ይረዝማል። ሙቀትንም ከእነርሱ ይልቅ ትችላለች።

ወተቷ በመጠን ከሳነን ያንሳል፤ በቀን ከሁለት እስከ አራት ሊትር የምትሰጥ ኑቢያን ጥሩ ፍየል ናት። ስቡ ግን ወደ 5 በመቶ ይጠጋል፤ የሳነን ከሦስት ተኩል ብዙም አይበልጥም። አይብ ለሚያወጣ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

መልኳን በሚመለከት ማኅበሩ ጥብቅ ነው። ጆሮዋን ወደ ፊት በፊቷ ላይ ሲያስተኙት ከአፏ ጫፍ ቢያንስ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ማለፍ አለበት። የፊቷ አጥንት ጎበጥ ያለ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ቀጥ ያለ ፊት ነጥብ ያስቀንሳል። የሴቷ ቁመት ከትከሻዋ ላይ ቢያንስ 76 ሳንቲሜትር፣ የወጠጤው 89 ሳንቲሜትር ነው።

«ንጹሕ ዝርያ» የሚባለው ነገር ግን በመልክ የሚታወቅ አይደለም፤ በመዝገብ ነው። እናቷና አባቷ፣ አያቶቿና ቅድመ አያቶቿ ሁሉ በማኅበሩ የዘር መዝገብ የሰፈሩ መሆን አለባቸው። መዝገቡ ለንጹሖቹ ዝግ ነው። ከዲቃላ ተነስቶ ደሙን ትውልድ በትውልድ ያሳደገ ሰው፣ ሴቷ ከስምንት ሰባት እጅ ኑቢያን ስትሆን በ«አሜሪካን ኑቢያን» መዝገብ ትገባለታለች፤ ለወንዱ ከአሥራ ስድስት አሥራ አምስት እጅ ይጠየቃል። ቢሆንም ከዲቃላ ተነስቶ የመጣ ትውልድ «ንጹሕ» የሚለውን መጠሪያ አያገኝም። እያንዳንዷ ፍየል ጆሮዋ ውስጥ በቀለም የተነቀሰ መለያ አላት፤ አንደኛው ጆሮ ላይ የመንጋው፣ ሌላው ላይ የተወለደችበት ዓመት ፊደልና ተራ ቁጥሯ ይጻፋል። ንቅሳቱና ወረቀቱ ካልተስማሙ ችግር ነው። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ባትሪ ይዞ የፍየሏን ጆሮ ይፈትሽ።

ንጽሕና ዕዳም አለው። ዘር በተዘጋ መዝገብ ውስጥ ሲመላለስ የተደበቀ ጉድለትም አብሮ ይመላለሳል። ኑቢያን ላይ ጂ ስድስት ኤስ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ችግር አለ፤ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው ያጠኑት። አንድ ኤንዛይም ይጎድላል፤ ግልገሉ ሲወለድ ደህና ይመስላል፣ በኋላ ግን ዕድገቱ ይቆማል፣ አካሉ ይደክማል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ጉድለቱን የተሸከመች እናት ራሷ ጤነኛ ናት። እናትም አባትም ተሸካሚ ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ ግልገል ከአራት አንድ እጅ የመታመም ዕድል ይኖረዋል። በዘረ መል ምርመራ ይለያል። ደህና አርቢ ወጠጤውን ያስመረምርና ውጤቱን ለገዢ ያሳያል፤ ሲጠየቅ የሚያኮርፍ ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

እንግዲህ ፍየሏ ተገዝታ ቤት ገባች እንበል። ፍየል ለብቻዋ አትኖርም፤ ትናፍቃለች፣ ትጮኻለች፣ ኑቢያን ስትሆን ደግሞ ሰፈር ታስነሳለች። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ። አሜሪካ ሆናችሁ የምትሰሙን፣ ለማርባት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከሁሉ በፊት የአካባቢያችሁ ደንብ ፍየል ማርባት እንደሚፈቅድ አረጋግጡ። ለጥቂት ፍየሎች ወጠጤ ማኖርም ግዴታ አይደለም። ወጠጤ በርቢ ወቅት በራሱ ሽንት ጺሙን እያጠበ የሚያመጣውን ጠረን የምታውቁት ነው፤ ከማለቢያው ቦታ መራቅ አለበት። ብዙዎቹ በሰው ሠራሽ መንገድ ያስጠቃሉ፣ ወይም ከታመነ መንጋ ወጠጤ ይዋሳሉ።

ጉርምስና ላይ የደረሰችው ፍየል ክብደቷ 36 ኪሎ አካባቢ ሳይደርስ መጠቃት የለባትም። ፍላጎቷ በየ21 ቀኑ ገደማ ይመለሳል፤ ጭራዋን ታወዛውዛለች፣ ትጮኻለች፣ ምግብ ትተዋለች። እርግዝናው 5 ወር ነው። መንታ መውለድ የተለመደ ነው፤ ሦስት የሚወልዱም ጥቂት አይደሉም። የምትታለበዋን ከመውለጃዋ ሁለት ወር በፊት ወተቷን ማድረቅ ይገባል፤ ግቷ የሚያርፈውና ለቀጣዩ ወተት የሚዘጋጀው ያኔ ነውና።

እንገር ላይ ቆም ልበል። ግልገል በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት እንገር ካላገኘ በሽታ የሚከላከልበት ነገር አያገኝም። ነገር ግን በእንገርና በወተት አማካይነት ከእናት ወደ ግልገል የሚተላለፍ ቫይረስ አለ፤ በአዋቂ ፍየሎች ጉልበት ላይ እብጠት፣ በግት ላይ ድርቀት፣ በግልገል ላይ ሽባነት ያመጣል። በውድድር የሚካፈሉ አርቢዎች ይህን በጣም ይፈሩታል። ስለዚህ ግልገሉን ገና ሲወለድ ከእናቱ ይለዩና፣ እንገሩን 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለአንድ ሰዓት አቆይተው በጡጦ ይሰጡታል። ከዚያ በላይ ቢሞቅ እንገሩ ይረጋል፤ ጠቃሚው ነገርም ይበላሻል። ከእንገር በኋላ ያለውን ወተት ደግሞ እንደ ማንኛውም ወተት ያፈሉታል። መንጋቸውን በየዓመቱ በደም ምርመራ እያስፈተሹ ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጡ ግን እናቶቹን እንዲያጠቡ ይተዋሉ። ለእኔ የኋለኛው መንገድ የሚበጅ ይመስለኛል፤ ልፋቱ ያንሳል፣ ግልገሉም ከእናቱ አይለይም።

ቀንድ ያላት ፍየል በማኅበሩ ውድድር አትገባም። ስለዚህ የግልገሉ የቀንድ እምቡጥ በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ በጋለ ብረት ይተኮሳል። ይህን ያልሠለጠነ ሰው ባይነካው ጥሩ ነው፤ ብረቱ አንዲት ቅጽበት ካለፈ ጉዳቱ ወደ አንጎል ይደርሳል። የእንስሳት ሐኪም ከነማደንዘዣው ይሥራው።

መኖው ከድርቆሽ ይጀምራል። ለምትታለብ ፍየል ካልሲየም የበዛበት አልፋልፋ ይመረጣል፤ እህልና ፋጉሎ በምትታለብበት ሰዓት በመጠን ይጨመርላታል። ወንዶቹ ላይ እህል ማብዛት ግን የሽንት ጠጠር ያመጣል። ለበግ የተዘጋጀ ማዕድን ለፍየል አይበቃትም፤ በግ መዳብ ይመርዘዋል፣ ፍየል ግን ትፈልገዋለች። መዳብ ያነሳት ኑቢያን ጥቁር ጸጉሯ ወደ ቀይ ይዞራል፣ የጭራዋ ጫፍም ይሳሳል።

ትልን በሚመለከት ደግሞ ደቡብ አፍሪካውያን ለዓለም የሰጡት አንድ ቀላል ብልሃት አለ፤ ፋማቻ ይባላል። የፍየሏን የታችኛውን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣት ወደ ታች ጎትቶ፣ ውስጡን ባለ አምስት ቀለም ካርድ አጠገብ አድርጎ ማየት ነው። ደማቅ ቀይ ከሆነ ደም አላት፤ እየነጣ ከሄደ ግን ጨጓራዋ ውስጥ ያለው ደም መጣጭ ትል እየጨረሳት ነው። መድኃኒት የሚሰጠው ለነጡት ብቻ ነው። መንጋውን ሁሉ በየወሩ ማጠጣት ትሉን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል፤ በመጨረሻም የሚሠራ መድኃኒት አይገኝም።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ወደ አገራችን ልመለስ፤ ይህች ፍየል ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለችምና። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከአለማያና ከአዋሳ የግብርና ትምህርት ተቋማት ጋር ሆኖ አንግሎ ኑቢያን ፍየሎችን አስመጥቶ ከአገር ፍየሎች ጋር አዳቅሏል። ሐረርጌ ላይ የሶማሌ ፍየሎች ተዳቀሉ፤ ተጠቃሚዎቹ በአብዛኛው ድሃ ሴቶች ነበሩ፤ ፍየል በብድር ወስደው ዕዳቸውን በግልገል ይመልሱ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር።

ከዚያ ዶክተር ወርቅነህ አያሌውና ባልደረቦቻቸው በሐረርጌ ደጋ ገበሬዎች ቤት ገብተው አጠኑት። ጥናቱ በ2003 ታተመ። ውጤቱም ዲቃላዎቹ በገበሬው አያያዝ ከአገር ፍየሎች የበለጠ የተጣራ ጥቅም አላስገኙም የሚል ነበር። ተሻሽሎ የተያዘ መንጋ ግን፣ የአገሩም ይሁን ዲቃላው፣ ጥቅሙን ጨምሯል። ምክንያቱ አይከብድም፤ ትልቅ አካልና ብዙ ወተት ያላት ፍየል ብዙ መኖ ትፈልጋለች፤ መኖው ከሌለ ደሟ ብቻውን ወተት አይሆንም።

ስለዚህ «የፈረንጅ ፍየል አምጡልን» ከማለት በፊት ያለንን እንይ። በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ በሱዳንና በኤርትራ ድንበር በኩል፣ የበጋይት ፍየሎች አሉ፤ በወተታቸው የታወቁ ናቸው። በየመንደራችሁም ከሌሎቹ ይልቅ የምትታለብ አንዲት ፍየል አትጠፋም። ከእሷ ሥር ቁጢጥ በሉ። ግቷ ከሆዷ ጋር ተጣብቋል? መሐሉ ላይ ስንጥቅ አለው? ስትታለብ ይሟሽሻል? ሁለት ጡት ብቻ ነው ያላት? ከሦስተኛ ወሊዷ በኋላም ወለሉ ከቋንጃዋ በላይ ነው? እንዲህ ከሆነች ወንድ ግልገሏን ለበዓል አትረዱት፤ ለወጠጤነት አቆዩት። ወጠጤ ግት የለውም፤ የሚያወርሰውን የምታዩት በእናቱና በእህቶቹ ላይ ነው።

ሰዓታችን ሳያልቅ ስለ ውድድሩ ዝግጅት ጥቂት ልበል። ሰኮናዋ ከውድድሩ አንድ ሳምንት ያህል ቀድሞ ይከረከማል፤ በዕለቱ ከተከረከመ ልታነክስ ትችላለች። ጸጉሯ ጥቂት ቀን ቀድሞ በመቁረጫ ማሽን ያጥራል፤ የግቷ ጸጉር ግን ሥሮቹ እንዲታዩ መጨረሻ ላይ በስሱ ይላጫል። በሰንሰለት መሄድንና ቆሞ መዳሰስን ከሳምንታት በፊት መልመድ አለባት፤ ከበረት በቀጥታ የመጣች ፍየል ሜዳው ላይ ትተኛለች፣ ባለቤቷንም ታዋርዳለች።

ሐቀኝነት የሚፈተነው ግን በግቷ ላይ ነው። ግት ሞልቶ እንዲታይ ሳትታለብ የሚያቆዩዋት አሉ። በትልልቅ ውድድሮች ይህን ለመከላከል ፍየሎቹ ሁሉ በዋዜማው ምሽት በተወሰነ ሰዓት፣ በተቆጣጣሪ ፊት፣ ተሟጥጠው ይታለባሉ። ከመጠን በላይ የተወጠረ ግት ሥቃይ ነው፤ ለግት ብግነትም ያጋልጣል። ሐቀኛ ዳኛ እጁን ሲያሳርፍ ያውቀዋል።

ከውድድር የተመለሰች ፍየል ወዲያው ከመንጋው አትቀላቀልም። ከሌሎች መቶ ፍየሎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ውላለች፤ ሳል፣ የአፍ ቁስልና የዓይን በሽታ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፤ የራሷ ባልዲና የራሷ ገመድ ይኑራት። የማለቢያ ተራዋም ከጤነኞቹ ሁሉ በኋላ ይሁን። ሙቀቷን በየጠዋቱ ለኩ፤ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ሐኪም ጥሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የግት ብግነትን በቤት ውስጥ እንዴት መለየት እንደሚቻል ይዘን እንቀርባለን።